በቀድሞ መኪናዎች ውስጥ የተሠወረ ብልኃት

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ነጋዴ አስቀድሞ የሚመለከተው ቀለሙንና ጐማውን ነው። ሊብሬውን አገላብጦ ያያል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል፤ ዋጋውንም ተከራክሮ ያስቀንሳል። ከራዲያቶሩ በስተኋላ፥ ከውሃው ፓምፕ ሆድ ሥር፥ የሽንብራ ፍሬ እንኳ የማታህል ቀዳዳ መኖሯን የሚጠይቅ ገዥ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህች ቀዳዳ ከካራቆሬ ማሾ፥ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ለሚያወጣ ሰው ከአዲስ ቀለም ይልቅ የምትጠቅም ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውሃው ፓምፕ በአንድ ዘንግ ይዞራል። የዘንጉ አንደኛው ጫፍ በውሃው ውስጥ ሲሆን ሁለተኛው ከውጭ በቺንጋ ይነዳል፤ በብዙዎቹ የቀድሞ መኪናዎችም ቬንቲላተሩ የሚታሰረው በዚሁ ጫፍ ላይ ነው። በመካከሉ ዘንጉን የተሸከመ ኩሽኔታ አለ፤ ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳያልፍም የሚከለክል ጐሚኒ ተደርጎለታል። ፓምፑን የሠሩት መሐንዲሶች ይህ ጐሚኒ አንድ ቀን ማለቁ እንደማይቀር ዐውቀው፥ የሚሾልከው ውሃ ኩሽኔታው ዘንድ ሳይደርስ ወደ ውጭ እንዲንጠባጠብ ቀዳዳይቱን አበጁ። ስለዚህ ጠብታ ሲታይ ፓምፑ ገና እየሠራ ሳለ ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ሰጠ ማለት ነው፤ ጐሚኒውን ለመለወጥም ጊዜ አለ።

ምሥጢሩን ያላወቀ ሰው ግን ጠብታውን ሲያይ ቀዳዳይቱን በእንጨት ስንጥር ወይም በማስቲሽ ይደፍናታል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኩሽኔታው ይገባል፤ ግራሶውን ያጥባል፤ ብረቱን ያዝጋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዘንጉ መወላገድ ይጀምራል፤ ቬንቲላተሩም ከራዲያቶሩ ጋር ተጋጭቶ ይበሳዋል። በጥቂት ብር ይፈታ የነበረው ነገር የራዲያቶር፥ የፓምፕና የጉተታ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው። ይህም የሚደርሰው በአብዛኛው ሞተር በሚደክምበት ስፍራ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ሞተር የሚደክምበትን ስፍራ የይፋት ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፥ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ይህን ሁሉ ከፍታ በአንድ ጠዋት ይወጣል። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንግዲህ ሞተሩ እጅግ በሚግልበት ዳገት ላይ ውሃው ፈጥኖ የመፍላት ጠባይ ያመጣል። ለዚህ የተበጀው መድኀኒት ተራ የሚመስለው የራዲያቶር ክዳን ነው። በክዳኑ ሆድ ውስጥ ሞላ ያለው ቫልቭ አለ፤ ይህ ቫልቭ እንፋሎቱን አፍኖ በመያዝ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ይከላከላል። ክዳኑ የከባቢ አየርን ግፊት ግማሽ ያህል ቢይዝ ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። በመካከሉ ሌላ ትንሽ ቫልቭ አለ፤ እርሱም ሞተሩ ሲበርድ ወደ ውስጥ አየር ወይም ውሃ እያስገባ የራዲያቶሩ ጐማ ቱቦ ተመጥጦ እንዳይጨማደድ ይጠብቃል።

የክዳኑ ጥርስም በሁለት ደረጃ መሠራቱ በከንቱ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር ክዳኑ ሳይለቅ እንፋሎቱ ብቻ ይወጣል፤ በሁለተኛው ዙር ይከፈታል። በችኰላ ሁለቱንም ዙር በአንድ ጊዜ ያዞረ ረዳት ፊቱን ይቃጠላል። ክዳኑ ጠፍቶበት በጨርቅ ወይም በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፎ የሚሄድ ባለመኪናም ያን 10 ዲግሪ በገዛ እጁ ጣለው፤ ሽንኩርቱም ከዳገቱ መካከል ፀሐይ ይመታዋል።

ስለ ከባድ ካሚዮን ከተነሣ ፊያት 682ን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ይህ ካሚዮን እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት የጀመረ ሲሆን፥ ኤን 3 የተባለው ዐይነቱ በአገራችን ሦስትን በኢጣልያንኛ ከመጥራት የተነሣ «ኤንትሬ» ተብሎ ታወቀ። ዛሬ ቍጥሩ ተመናምኗል። በኢጣልያ ተሽከርካሪ ሁሉ በቀኝ ሲሄድ፥ የብዙዎቹ ከባድ ካሚዮኖች መሪ ደግሞ በቀኝ በኩል ይደረግ ነበር። ይህን ያየ ሰው ስሕተት ይመስለዋል፤ ምክንያቱ ግን የተራራ መንገድ ነው። በጠባብ የገደል መንገድ ላይ ሹፌሩ አጥብቆ ማየት የሚፈልገው የውጭው ጐማ የሚያርፍበትን ዳር ነውና፥ በዳሩ በኩል እንዲቀመጥ ተደረገ።

በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ በግራ ይሄድ በነበረበት ጊዜ መሪው በቀኝ መሆኑ ማንንም አያስደንቅም ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ሕጉ ተለውጦ ሁሉም ወደ ቀኝ በዞረ ጊዜ፥ የኤንትሬ ሹፌር ልክ እንደ ኢጣልያኑ ባለተራራ በመንገዱ ዳር በኩል ተቀመጠ። የዳሩ ነገር ደግሞ በይፋት እንዲያው የሚናቅ አይደለም። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. የካራቆሬን አካባቢ የመታው የምድር መንቀጥቀጥ ከከተማይቱ በስተሰሜን ያለውን የደሴ መንገድ ሰነጣጥቆና በናዳ ጐድቶ ነበር። ዳሩን ማየት የተገኘው ግን በሌላ ወገን በከፈለ ዋጋ ነው፤ መሪው በቀኝ ከሆነ ሹፌሩ የሚቀድመውን መኪና አልፎ ወደ ፊት ማየት አይችልም። ስለዚህ በግራ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «እለፍ»፥ «ቈይ» የሚለው ረዳት የመኪናው ሁለተኛ ዐይን ነበር። የረዳቱን ደመወዝ ከትርፍ ወጪ የሚቈጥር ባለንብረት ይህን አላሰበበትም።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፥ ከዚያም ወደ ቆላው ሲወረድ የሚፈተነው ፍሬን ነው። ፍሬን የሚሠራው በፍትጊያ ስለሆነ ቍልቍለቱን ሙሉ እግሩን ከፔዳሉ ያላነሣ ሹፌር ታምቡሩን ያግለዋል፤ የጋለ ሸራም መያዝ ይሳነዋል። ይህን የተረዱ ፋብሪካዎች በብዙ ትልልቅ የናፍጣ ካሚዮኖች የጭስ መውጫ ቧንቧ ውስጥ መዝጊያ አኖሩ። ሹፌሩ መዝጊያውን ሲያዘው ጭሱ ታፍኖ ፒስተኖቹን ወደ ኋላ ይገፋል፤ ናፍጣውም ስለሚቋረጥ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆናል፤ የእግሩ ፍሬን ለድንገተኛ ነገር ሳይግል ይቈያል። ጥላሸት ይዞት አልንቀሳቀስ ያለውን መዝጊያ «ያለርሱም ይሄዳል» ብሎ ነቅሎ የሚጥል መካኒክ ግን አይታጣም። እውነት ነው፥ መኪናው ይሄዳል፤ የሚያስቸግረው ማቆሙ ነው።

በትንንሾቹ አውቶሞቢሎች ያለው ብልኃት ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የፊቱን መስተዋት የሚያጥበውን ውሃ የሚረጨው በሞተር ኀይል አልነበረም፤ ከፊት ከተኛው ስኮርት ጐማ በሚመጣ ነፋስ ነበር። የጐማው ነፋስ ከተወሰነው መጠን ሲወርድ ቫልቩ ይዘጋል፤ ጐማው ጨርሶ አይተነፍስም። ከዚያ ቀደም ያሉት ቮልስዋገኖች የቤንዚን መለኪያ አልነበራቸውም፤ ሞተሩ ሲንተፋተፍ ሹፌሩ በእግሩ አጠገብ ያለችውን መክፈቻ ያዞርና 5 ሊትር ገደማ መጠባበቂያ ቤንዚን ያገኛል። ቤንዚን ከቀዳ በኋላ መክፈቻዋን መመለስ የረሳ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ያለ መጠባበቂያ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ፔዦ 404 ደግሞ ሞተሩ ሳይግል ቬንቲላተሩ በሙሉ ኀይል አይዞርም፤ ሙቀቱ ሲደርስ በኤሌክትሪክ ማግኔት ይያዛል፤ ይህም ነዳጅና ጕልበት ይቈጥባል። «ፍሬቻ» የምንለው ቃል እንኳ በኢጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው፤ በቀድሞ መኪናዎች የመታጠፊያው ምልክት እንደ ክንድ ከጐን የሚዘረጋ ስለነበረ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቈየት የብዙ ሰው ጕዳይ ሆኗል። በገጠር መንገድ የሚሠራ አሮጌ ላንድሮቨር ለመግዛት የሚያስብ ሰው በሞተሩና በማርሹ ሣጥን መካከል ካለው የፍሪሲዮን ቤት ሥር አጐንብሶ ይመልከት። እዚያ የተከፈተች ቀዳዳ ያገኛል፤ ከጐሚኒ የሚያፈስ ዘይት በእርሷ ስለሚወጣ የፍሪሲዮኑ ሸራ አይበላሽም። ጀዋሃን ወይም ሌላ ወንዝ ሞልቶ በጥልቅ ውሃ ለመሻገር ሲያስፈልግ ግን የምትገጥምበት ቡሎን አለች፤ ከመሻገር በፊት ትታሰራለች፥ ከተሻገሩ በኋላ ትፈታለች። ሻጩ ቡሎኗ የት እንዳለች ቢጠየቅና ከመሣሪያው ሣጥን አውጥቶ ቢያሳይ፥ መኪናው በዐዋቂ እጅ የቈየ ለመሆኑ ደኅና ምልክት ነው። ቀዳዳይቱ ውስጥ ታስራና ዝጋ ከተገኘች ግን ገዥው ዋጋውን ከመቍረጡ በፊት ያስፈታት፤ ከውስጥ የሚፈሰው ዘይት መጠን የፍሪሲዮኑን ሁኔታ ይነግረዋል።