ማሳሰቢያ፦ አስም ላለባችሁና ለቤተሰቦቻችሁ

ትንፋሽ ማጠር የሕመሙ መጨረሻ እንጂ መነሻው አይደለም። ሕመሙ የሚነሣው ከአየር ቧንቧው የውስጥ ሽፋን ነው። ጭስ፣ አቧራ ወይም የጉንፋን ቫይረስ ሲነካው ሽፋኑ ቲኤስኤልፒ የተባለ ፕሮቲን ይለቃል። ይህ ፕሮቲን እንደ ሰፈር ኡኡታ ነው፤ የሰማ የመከላከያ ሕዋስ ሁሉ ይሰበሰባል። አስም ባለበት ሰው ኡኡታው ከልክ ያልፋል። የተሰበሰበው ሕዋስ ቧንቧውን ያሳብጠዋል፣ አክታ ያበዛል፣ ጡንቻውንም ያኮማትራል። እብጠቱ ደህና ነኝ ባላችሁበት ቀንም አለ። ስለዚህ፦

• በሐኪም የታዘዘላችሁን የስቴሮይድ ፓፍ ተሽሎኛል ብላችሁ አታቋርጡ። ሳልቡታሞል፣ ማለትም ሰማያዊው ፓፍ፣ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል እንጂ እብጠቱን አያጠፋም። ወዲያው ስለሚያስታግስ ሰው እሱን ብቻ ይወዳል፤ ብዙ ጉዳት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ጊና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከምን አይመክርም። በዓመት 3 ወይም ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ፓፍ የምትጨርሱ ከሆነ ሕመሙ በርትቶ ሊነሣባችሁ ስለሚችል ሐኪም አማክሩ።

• ስቴሮይዱን ከሳባችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥምጣችሁ ትፉ።

• ለልጅ ፓፉን ያለ ማስተላለፊያ ዕቃ በቀጥታ አፉ ውስጥ አትንፉ፤ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ዕቃውን መግዛት ካልቻላችሁ፣ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ላስቲክ ከታች በፓፉ አፍ ልክ ብሱና ፓፉን ሰክታችሁ ዳሩን አየር እንዳያስወጣ ድፈኑ። የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ይህን ፈትሸው ውጤቱን በ1999 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

• ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያለ ትእዛዝ ገዝታችሁ አትዋጡ። ስትሮንጂሎይድስ የተባለ የአንጀት ትል ያለበት ሰው ስቴሮይድ ሲውጥ ትሉ በሰውነቱ ተባዝቶ ሊገድለው ይችላል። ኢኦሲኖፊል የተባለው የደም ሕዋስ በዛ ሲባልም ወዲያው አለርጂ ነው አትበሉ፤ ትልም ያበዛዋል። የሰገራ ምርመራ ጠይቁ።

• ከሰል ውጭ አቀጣጥሉ። ለቡና የሚጨሰውን እጣንም የታመመ ሰው ባለበት ክፍል አታጭሱ። ይህን የጠየቀ እንግዳ ቡናውን እንደናቀ አይቆጠር።

• አስም አይተላለፍም። የሕመምተኛን ሲኒ አትለዩ።

• ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች፦ ቲኤስኤልፒን የሚያግድ ቴዜፔሉማብ የተባለ መርፌ በዲሴምበር 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅዷል። ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ከባድ አስም ላለባቸው በየ4 ሳምንቱ ይወጋል። ስቴሮይዱ ላይ የሚጨመር እንጂ የሚተካው አይደለም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜም ይፈልጋል። ሐኪም ሳያዝ በሻንጣ አትላኩ። ከመርፌው ይልቅ ስቴሮይድ ፓፉ በየወሩ እንዳይቋረጥ ብትረዱ ይበልጥ ትጠቅማላችሁ።

• ሰውየው ንግግሩን መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም የልጁ ደረት ወደ ውስጥ ከገባ እስኪነጋ አትጠብቁ። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ሳልቡታሞሉን አንድ በአንድ ከ4 እስከ 10 ጊዜ ስጡት፣ በየ20 ደቂቃውም ድገሙለት፤ ይህንኑ እያደረጋችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።