ለቆቃ ገንዘብ ከመጠየቅሽ በፊት

ልጄ፣ ከሰፈርሽ ልጆች ጋር ሆነሽ የቆቃ ሐይቅን አልጌ ለመቀነስ ገንዘብ ልትጠይቂ እንደሆነ ሰማሁ። የብዙ ማኅበራትን ፕሮፖዛል አይቻለሁ፤ አብዛኛው የሚወድቀው ሐሳቡ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ገንዘቡ ለማንና ለምን እንደሚሰጥ ሳይጣራ ስለሚጻፍ ነው።

1. ቆቃን ከሰፈርሽ፣ ከአዲስ አበባዋ ልደታ ጀምሪው። በዚያ የሚያልፈው የትንሹ አቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ማጠራቀሚያ ይወርዳል፣ ከዚያ ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ ቆቃ ይገባል። ከሽንት ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያና ከፋብሪካ የሚወጣው ፎስፎረስና ናይትሮጅን፣ ከማሳ ታጥቦ በሚመጣው ማዳበሪያ ላይ ተጨምሮ፣ ማይክሮሲስቲስ ለሚባለው ሳይኖባክቴሪያ ቀለብ ይሆናል። የቆቃን ውሃ አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ነው። ማይክሮሲስቲን የሚባለው መርዙ ጉበት ይጎዳል፤ ውሃውን ማፍላትም አያጠፋውም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። እንግዲህ «አረንጓዴውን ሽፋን ከሐይቁ ላይ እንገፍፋለን» ብለሽ ብትጽፊ ገምጋሚው የሚጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ቀለቡ መምጣቱን ካላቆመ ነገስ? እምቦጭ አልጌ ባይሆንም የሚበላው ያንኑ ቀለብ ነው። ጣና ላይ ስንት ሰው ገብቶ በእጁ ነቀለው፣ ማሽንም ተገዛለት፤ ተመልሶ በቀለ። ስለዚህ ፕሮጀክትሽ ወንዙ ዳር፣ ፍሳሹ በሚገባበት ቦታ ይሁን።

2. ለግለሰብ አይሰጥም። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም፣ ለናንተ ዓይነቱ ቡድን ከሁሉ የቀረበ ይመስለኛል። ለረጅም ጊዜ ጣሪያው 50 ሺህ ዶላር ነበር። የሚሰጠው ለሲቪል ማኅበራትና ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ ነጋዴ በስሙ አያመለክትም። ማኅበራችሁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ይመዝገብ። ያ ከዘገየ ከተመዘገበና የባንክ ሂሳብ ካለው እድር ጋር ተነጋገሩ። እድር ለቀብር ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ አትስሚያቸው። ደሞም በዚሁ አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ በጀትሽን ስትሠሪ ከመጀመሪያው አስቢበት።

3. የአየር ንብረት ገንዘብ ሌላ ነው። አረንጓዴው የአየር ንብረት ፈንድ በቀጥታ በሩን የሚከፍተው ዕውቅና ላገኙ ተቋማት ነው፤ እኛ አገር ገንዘብ ሚኒስቴር አንዱ ነው። «ውሃው ተበከለ» ማለት ብቻውን እዚያ አያስገባም። ሙቀት ሲጨምር ሳይኖባክቴሪያ እንደሚበረታ በመረጃ ማሳየት ይጠይቃል፤ ይህ የትንሽ ማኅበር ሥራ አይደለም፤ ለጊዜው ተዪው።

4. ሳትለኪ አትጻፊ። በእኔ ግምት ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከልደታ በላይ አንድ ቦታ፣ ከልደታ በታች ሌላ ቦታ ምረጪና የፎስፎረሱን መጠን ከክረምት በፊትም በክረምትም አስለኪ፤ በበጋ ወንዙ ሲያንስ ፍሳሹ ይጎላል፣ በክረምት ደግሞ ጎርፉ ያጥበዋል፤ አንዱ ብቻ ቢለካ መነሻ መረጃ አይሆንም። ላቦራቶሪ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አብሮ እንዲሠራ ለምኚ፤ ለመመረቂያ ጽሑፉ ያገለግለዋል። ከዚያ የምትገቢው ቃል ስለ ኪሎ እንጂ ስለ ቀለም አይሁን፤ «ይህን ያህል ኪሎ ፎስፎረስ ወደ ወንዙ እንዳይገባ እናደርጋለን» በይ። «በሁለት ዓመት ቆቃ ይጠራል» ያልሽ እንደሆነ ገምጋሚው ይስቅብሻል። በሐይቁ ወለል የተከማቸው ፎስፎረስ ከላይ የሚመጣው ቢቋረጥ እንኳ ለዓመታት ይለቀቃል። የአሜሪካኗ ሲያትል እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ ፍሳሿን ከዋሽንግተን ሐይቅ አዙራ ነው በ1970ዎቹ የጠራ ውሃ ያየችው፤ ያቺ ደግሞ ገንዘብ የሞላላት ከተማ ናት! እዚያው አገር በ2014 እ.ኤ.አ የቶሌዶ ከተማና የአካባቢዋ ወደ 500 ሺህ ሕዝብ ለቀናት የቧንቧ ውሃ አትጠጡ ተብሏል፤ ከኢሪ ሐይቅ በመጣ ማይክሮሲስቲን ምክንያት። ምሳሌ ካስፈለገሽ እነዚህን ጥቀሺ፤ ለገምጋሚው አዲስ አይደሉም።

5. ፈቃዱ በእጅሽ ይሁን። የወንዙ ዳርቻ የማንም ባዶ ቦታ አይደለም፤ በከተማው የወንዝ ዳርቻ ልማት ውስጥ የገባ ቦታ ከሆነ ለጋሹ «ይህ በሌላ በጀት ተይዟል» ብሎ ይመልስሻል። ከክፍለ ከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ፤ ሥራው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ያስፈልገው እንደሆነም እዚያው ጠይቂ። መመላለሱ ያሰለቻል፤ ግን ደብዳቤው የሌለበት ፋይል አይከፈትም።

6. በበጀትሽ ውስጥ አበልና ወርክሾፕ ይነስ። ለጋሹ የራስ መዋጮ ሲጠይቃችሁ ብር የለንም ብላችሁ አትደንግጡ፤ ጉልበትና ቦታም በዓይነት ይቆጠራል። የጋራ ሽንት ቤት የምትሠሩ ከሆነ ግን ጉድጓዱ ሲሞላ የፍሳሽ መምጠጫውን መኪና ማን እንደሚጠራ፣ ሂሳቡንም ማን እንደሚከፍል ከቤተሰቦቹ ጋር ተስማምታችሁ፣ ስምምነቱን አስፈርማችሁ ከማመልከቻው ጋር አያይዙት።