የዓሣ ጭራ ክንፍ ከምን ይሠራል?

ከወገቧ በላይ ሰው፣ ከወገቧ በታች ዓሣ ስለሆነችው የተረት ፍጡር ሰምታችኋል። የዴንማርኩ ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ስለ እርሷ የጻፈው ተረት እ.ኤ.አ. በ1837 ታትሞ በብዙ አገር ተነቧል። በትምህርት ቤት ትያትር እርሷን ለማሳየት ቀሚሱን መስፋት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የጭራው ክንፍ ነው። በዚህ ትምህርት ለክንፉ የሚስማማውን ቁሳቁስ እንዴት እንደምንመርጥ እንማራለን።

1. ከዓሣው እንጀምር

ከገበያ የመጣ የቆሮሶ ዓሣ ጭራ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ቀጫጭን አጥንቶች እንደ ጃንጥላ ዘንጎች ተዘርግተው በመካከላቸው ስስ ቆዳ ተወጥሯል። ክንፉ ከሥሩ ጠንካራ ነው፤ ወደ ጫፉ ግን እየሳሳና እየለሰለሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሲመታ ይጎብጣል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ውኃውን ወደ ኋላ፣ ዓሣውን ወደ ፊት የሚገፋውም ይኸው ነው። እንግዲህ ከጥሩ ክንፍ ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ፤ መቅለል፣ ጎብጦ መመለስ፣ ቶሎ አለመሰበር።

2. ከእኛ በፊት የሞከሩ

አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገና ልጅ ሳለ ሁለት ሞላላ ጣውላዎች ሠርቶ በእጆቹ እየያዘ ይዋኝ ነበር። ፍጥነቱ ጨመረለት፤ የእጁ አንጓ ግን ደከመበት። በእግሮቹ ያሰረው ጣውላም እንደ ልቡ አልሆነለትም። ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሉዊ ደ ኮርሊዩ እ.ኤ.አ. በ1933 ለመዋኛ ክንፍ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። እየቆዩ የተስፋፉት የመዋኛ ክንፎች የሚሠሩት ከጎማ ነበር፤ ጎማ እንደ ዓሣው ክንፍ ጎብጦ ይመለሳልና።

3. በካትዌ ምን እናገኛለን?

ካትዌ በካምፓላ ከተማ የብረት ሠራተኞችና የእጅ ባለሙያዎች ሠፈር ነው። የአዲስ አበባን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ወላጅ ለካትዌ እንግዳ አይሆንም። በሁለቱም ሥፍራ አሮጌ ዕቃ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ የሚገኙትን አንድ በአንድ እንመርምር።

ላሜራ፦ አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ያንኑ ያህል ቦታ የሚይዝ ብረት ግን ወደ 7.8 ኪሎ፣ አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ይመዝናል። ብረት ይከብዳል፤ ጠርዙም እንደ ምላጭ ይቆርጣል። አሉሚኒየም ደግሞ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ይሰበራል።

ኮምፔንሳቶ፦ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙ ከጎበጠ ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩም ይወጋል።

የመኪና ጎማ፦ ለበረባሶ ጫማ መልካም ነው፤ ለክንፍ ግን ይከብዳል። በውስጡም ብዙ ጊዜ የብረት ሽቦ አለ። ከመነዳሪው (የጎማው የውስጥ ላስቲክ) ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን አይቆምም፤ ጠርዝ ለመሸፈን ግን ይጠቅማል።

የውኃ ጠርሙስ፦ ስስ ስለሆነ ከታጠፈ በኋላ እንደተጨማደደ ይቀራል።

ጀሪካን፦ ቢጫው ጀሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን የሚባለው ፕላስቲክ ከውኃ ጥቂት ይቀላል፤ አንድ ሊትር የሚያህለው 0.95 ኪሎ ገደማ ነው። ይጎብጣል፣ ይመለሳል፣ በጠንካራ መቀስም ይቆረጣል። ምርጫችን ይህ ነው። ነገር ግን ውኃ የምትቀዱበትን ደህና ጀሪካን አትንኩ፤ የተሰነጠቀውን ውሰዱ። ነዳጅ ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ፈጽሞ አትጠቀሙ።

4. ሙከራ

ሀ. የጀሪካን፣ የጠርሙስና የካርቶን ቁራጮችን ሃያ ሃያ ጊዜ እጠፉ፤ ዘርጉ። የትኛው ተመለሰ? የትኛው ተሰበረ?

ለ. ከውኃ ጠርሙስ ትንሽ ቁራጭ ቁረጡ። ቁራጩንና የጠርሙሱን ክዳን ውኃ ውስጥ አጥልቃችሁ አየሩን ካስወጣችሁ በኋላ ልቀቁ። ቁራጩ ይሰጥማል፤ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ሁለቱም ፕላስቲክ ይባሉ እንጂ ዓይነታቸው የተለያየ ነው።

5. አሠራር

ከጀሪካኑ አምስት ወይም ስድስት ረጃጅም ዘንጎች ቁረጡ፤ ከሥራቸው ሰፊ፣ ከጫፋቸው ቀጭን ይሁኑ። እንደ ዓሣው አጥንት ዘርግታችሁ በሁለት ስስ ጨርቅ መካከል ስፉ። የዘንጎቹን ጠርዝ በከመነዳሪ ሸፍኑ። ክንፉን ከቀሚሱ ጫፍ ጋር ስፉት እንጂ ከእግር ጋር አትሰሩት፤ ቀሚሱም ከጉልበት በታች የተከፈተ ይሁን። ፕላስቲኩን በእሳት አታቅልጡ፤ ጢሱ ይጎዳል።

6. ለወላጆች ማሳሰቢያ

ይህ ክንፍ ለመድረክ ብቻ ነው። ጀሪካን ይንሳፈፋል ማለት ልጅን ያንሳፍፋል ማለት አይደለም። ሁለት እግሮቹ በአንድ ጭራ የተያዙ ልጅ ውኃ ውስጥ ሚዛኑን ቢስት እግሮቹን ለያይቶ መቆም አይችልም፤ የረጠበ ጨርቅም ይከብደዋል። ዋና የሚችል ልጅም ቢሆን ጥልቀት በሌለው ውኃ ሊሰጥም ይችላል። የካምፓላን ቆሻሻ ውኃ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወስደው የናኪቩቦ ቦይ የልጆች መጫወቻ አይደለም፤ በሐይቁም ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታ አለ። ስለዚህ ትያትሩ ካበቃ በኋላ ልብሱን ትልቅ ሰው ተረክቦ ያስቀምጥ።

መልመጃ

1. የዓሣ ክንፍ ከሥሩ ጠንካራ፣ ከጫፉ ለስላሳ የሆነው ለምንድን ነው?
2. ሁለት ሊትር ውኃ የሚያህል ቦታ የሚይዝ ብረት ስንት ኪሎ ገደማ ይመዝናል? አሉሚኒየምስ?
3. በቤታችሁ አካባቢ ከተጣሉ ዕቃዎች አምስቱን ጻፉ፤ እያንዳንዱ ለክንፍ የሚሆን ወይም የማይሆንበትን ምክንያት ግለጹ።
4. ክንፉ ለመድረክ እንጂ ለውኃ የማይሆነው ለምን እንደሆነ ለታናሾቻችሁ አስረዱ።