«ሰላም በልልኝ» ስትባሉ፦ የጥበቃ ትዕዛዝን መጣስ የሚያስከትለው ቅጣት

 

በአንድ ቤት ጥቃት ደርሶ ፍርድ ቤት የጥበቃ ትዕዛዝ ሲሰጥ፣ ወረቀቱን ለወላጆች የምታነቡላቸው ብዙውን ጊዜ እናንተ ልጆቻቸው ናችሁ። «ለእናትህ እንዲህ በላት» ተብላችሁ የምትላኩትም እናንተው ናችሁ። ለወጣቶች ትምህርት ስቀርብ በተደጋጋሚ የምጠየቀው ይህንኑ ስለሆነ፣ ዛሬ ሦስቱን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። የማስረዳው ብዙዎቻችን የምንኖርበትን የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ነው፤ በሌላ ስቴት ያላችሁ ዝርዝሩ ሊለያይ ስለሚችል የአካባቢያችሁን ሕግ ጠይቁ።

1. «እናቴ ራሷ ለዒድ ና ካለችውስ?»

አባት ከቤቱ እንዲርቅ ታዟል እንበል። እናት አዝና «ለዒድ ና፣ ከልጆችህ ጋር ብላ» ብትለውና ቢመጣ፣ ትዕዛዙን ጥሷል። ትዕዛዙ የሚያስረው የተከለከለውን ሰው ብቻ ነው፤ የእሷ ግብዣ አያነሳውም። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 የተጠበቀችው ሴት ፈቃድ መከላከያ እንደማይሆን ወስኗል። ትዕዛዙን መለወጥ የሚችለው ፍርድ ቤቱ ብቻ እንደሆነም ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከችሎቱ በፊት የሚሰጠው ጊዜያዊ ትዕዛዝም ቢሆን ሰውየው ከደረሰውና ካወቀው በኋላ ያስቀጣል።

2. «መልእክት ባደርስስ ምን ችግር አለው?»

ትዕዛዙ ግንኙነትን በጠቅላላ ከከለከለ፣ ክልከላው ስልክን፣ ቴክስትን፣ ዋትስአፕንና በሰው የሚላክ መልእክትንም ይጨምራል። ሕጉ «መልእክተኛው ስለ ትዕዛዙ ባያውቅም» ብሎ ጭምር ደንግጓል። ስለዚህ አባት በልጁ አፍ «ዒድ ሙባረክ በላት» ቢል፣ ወይም «ክሱን ተይው» ብለው እንዲለምኗት ሽማግሌ ቢልክ፣ ቃሉ ለስለስ ማለቱ ከሕግ አያድነውም። ልጁ አባቱን የረዳ ይመስለዋል፤ በእውነት ግን ለእስር ይዳርገዋል። እናትም ቤቷ ድረስ የሚመጣ ጫና ይከተላታል።

3. «ቅጣቱ ምን ያህል ነው?»

የጥበቃ ትዕዛዙ ራሱ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ መጣሱ ግን ወንጀል ነው።

- እስር፦ ፖሊስ ሰውየው ትዕዛዙን እያወቀ ግንኙነትን ወይም ወደ ቤት መቅረብን የሚከለክለውን ክፍል ጥሷል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለው፣ ያለ ማዘዣ እንዲያስረው ሕጉ ያስገድደዋል። «ተዉት፣ ታርቀናል» ማለት አያስቀረውም።
- ቅጣት፦ በመደበኛው እስከ 364 ቀን እስርና እስከ 5,000 ዶላር ነው። ሲጥስ ድብደባ ከፈጸመ፣ ሕይወትን ለአደጋ ካጋለጠ ወይም ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ትዕዛዝ በመጣስ ከተፈረደበት ፌሎኒ ይሆናል፤ እስከ 5 ዓመትና እስከ 10,000 ዶላር ያስቀጣል።
- መሣሪያ፦ ችሎት ተሰምቶ በሚሰጥ አብዛኛው ትዕዛዝ ሥር ያለ ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይችልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሕግ በ2024 አጽንቶታል። መሣሪያ ይዞ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር አባት እንጀራውን ሊያጣ ይችላል።
- ኢሚግሬሽን፦ ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ፣ ከዛቻ፣ ከተደጋጋሚ ትንኮሳ ወይም ከአካል ጉዳት የሚጠብቀውን የትዕዛዙን ክፍል መጣሱን ፍርድ ቤት ካረጋገጠ ከአገር ሊባረር ይችላል። ለዚህ የወንጀል ፍርድ መኖሩ ግዴታ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ልጆችን ስለ መረካከብ የተፈቀደ ነገር ካለ እዚያው ተጽፎ ይገኛል፤ ያልተጻፈው እንደተፈቀደ አይቆጠርም።

መልእክት አድርሱ ስትባሉ በአክብሮት እምቢ በሉ፦ «አባዬ፣ እወድሃለሁ። ይህን ግን ባደርስ አንተን ያሳስርሃል። ለጠበቃህ ንገረው።» እንዲህ ማለት ወላጅን ማመፅ አይደለም።

ሁኔታው ተለውጧል የሚል ሰው ትዕዛዙ እንዲሻሻል ለፍርድ ቤት ያመልክት። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ስለዚህ እናንተ በወላጆቻችሁ መካከል ቆማችሁ እንድታስተረጉሙ አትገደዱም። ሱልህ በዲናችን ትልቅ ቦታ አለው፤ ሽማግሌዎች ግን ከመነሳታቸው በፊት «ወረቀቱን አሳዩን» ሊሉ ይገባል።

የተከለከለው ሰው በር ላይ ከመጣ 911 ደውሉ፤ የላካቸውን መልእክቶችም አታጥፉ። ለምክር የብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ሌት ተቀን ክፍት ነው፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ገመና መሸፈን መልካም ነው፤ የተደበደበችን ሴት ዝም ማሰኘት ግን በደልን መሸፈን ነው።

አላህ ቤቶቻችንን የሰላምና የእዝነት ቤት ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።