የአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ደመወዝ በምን ይለካል?

የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት ግፍ እንደ ሆነ ማንም ያውቃል። ነገር ግን ዓይኑ ያላየ ወይም እጁ የሰለለ ሰው ከሌሎች ጋር ሲሠራ ቢውል፥ ዋጋው ስንት ይሁን በሚለው ነገር ሕግ አውጪዎች ሳይቀሩ ተሳስተዋል። (ቀድሞ አካለ ስንኩል ይባል የነበረው ዛሬ አካል ጉዳተኛ ተብሏል፤ መልካም ነው፤ ስሙ ስለ ተለወጠ ግን ደመወዙ አልጨመረም።)

በአሜሪካ አገር፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1938፥ ሕጉ የሚጠብቃቸው ሠራተኞች በሰዓት ከ25 ሳንቲም በታች እንዳይከፈላቸው ታዘዘ። ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1921 ፖሊዮ በተባለ በሽታ እግሮቻቸው የሰለሉ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ በዚያው ሕግ በ14ኛው ክፍል፥ አሠሪ ከመንግሥት የፈቃድ ወረቀት ከተቀበለ ለአካል ጉዳተኛ ከተወሰነው በታች ለመክፈል ይችላል ተብሎ ተጻፈ። በ1966 የወጣው ማሻሻያ ለብዙዎቹ ከግማሽ እንዳያንስ ወስኖ ነበር፤ በ1986 ግን ይህም ወሰን ተነሣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጤነኛው ሠራተኛ በአንድ ሰዓት 10 ሣጥን ቢያሽግ፥ አካል ጉዳተኛውም በሰዓት ተለክቶ 3 ቢያሽግ፥ የሚከፈለው ከጤነኛው ደመወዝ ከ10 እጅ 3 እጁ ነው። ሒሳቡ የቀና ይመስላል። ነገር ግን መምህር ሆይ፥ አስተውል፤ ጤነኛው ሰው ሰንፎ 5 ብቻ ቢያሽግ ከሥራው ሊሰናበት ይችላል እንጂ ደመወዙ ከሕጉ ወለል በታች አይወርድም። ሰዓት ተይዞ የሚለካው ጉዳት ያለበት ሰው ብቻ ነው።

የዚህ ፍሬ በአዮዋ ግዛት አታሊሳ በምትባል ትንሽ ከተማ ታየ። የአእምሮ እድገት ውሱንነት ያላቸው 32 ወንዶች በአሮጌ ትምህርት ቤት እያደሩ፥ ተርኪ የሚባለው ትልቅ ዶሮ በሚታረድበት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። የሚሰጣቸው በወር 65 ዶላር ነው፤ የቀረው ለምግብና ለማደሪያ እየተባለ ይያዝባቸዋል። ነገሩ በ2009 ተገለጠ። በ2013 ፈራጆች 240 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱላቸው፤ ሆኖም ሕግ በወሰነው ጣሪያ ምክንያት ወደ 1.6 ሚሊዮን ወረደ። ኒው ሃምፕሻየር የተባለችው ግዛት እንዲህ ያለውን አከፋፈል በ2015 ከለከለች፤ ሌሎችም ተከተሏት።

በአገራችን በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 568 የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ሠራተኛውን በሰዓት በመለካት ፈንታ፥ ለእርሱ የሚስማማውን የሥራ ቦታና መሣሪያ አሠሪው እንዲያዘጋጅ ያዝዛል። መምህራንና ሽማግሎች የአዋጁን ቍጥር ለወላጆች ቢያስጽፉ ይጠቅማል፤ በሥራ ላይ አድልዎ ተደርጎብኛል ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትምና።