ፊፍቲን ወይስ ፊፍቲ? ርካሽ ሳውንድ ካርድ ስትመርጡ

ዛሬ ከዋጋው ትንሽ ወጣ እንበልና ዋጋ የምንሰማበትን ዕቃ እንይ።

ባለፈው ከቤት ሆኜ በኮምፒውተር ከገዢ ጋር ሳወራ፣ ሽሽ በሚል ድምፅ መሃል «ፊፍቲን» ያለኝን «ፊፍቲ» ብዬ ያዝኩት። በፓውንድ የ35 ሴንት ልዩነት ነው። 320 ኬሻ በሚይዝ አንድ ኮንቴነር፣ ማለትም በ19,200 ኪሎ ስታሰሉት 14,800 ዶላር ገደማ ይመጣል። ደግነቱ ሳንፈርም በጽሑፍ ተያየን።

ከመግዛታችሁ በፊት ያንኑ ማዳመጫ ስልካችሁ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። እዚያም ከሻሸ ጥፋቱ የማዳመጫው ነው። ቃል እየተቆራረጠ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔቱን ጠርጥሩ፣ ካርድ አያድነውም። ስልክ ላይ ጥርት ብሎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ከተበላሸ ነው ሳውንድ ካርድ የምትፈልጉት።

ለእኛ ሥራ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሹ ይበቃል። ኮምፒውተር መፍታት የለም፣ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ሻጩ «7.1 ነው» እያለ ዋጋ ቢቆልል አትስሙት፤ እሱ ለፊልምና ለጌም ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ቀዳዳው ላይ ነው። የማዳመጫችሁ ጫፍ ሦስት ጥቁር መስመር ካለው ድምፁም ማይኩም በአንድ ሽቦ ነው የሚሄደው፤ ካርዱ ለማይክ የብቻ ቀዳዳ ካለው ማከፋፈያ ገመድ ካልጨመራችሁ ማይኩ አይሠራም። ማዳመጫችሁ ራሱ ዩኤስቢ ከሆነ ግን ካርዱ ውስጡ አለ፣ ሌላ አትግዙ።

ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ «ፊፍቲን፣ ፊፍቲ» ብላችሁ ቅረጹና መልሳችሁ ስሙት።