ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት
ስለ አንጎል ምትና ስለ ድንገተኛ የልብ ሕመም የቀረበ ትምህርት

ከሐይቅ ከተማ ተነሥቶ ወደ ወልድያ ለሚጓዝ ሰው ውጫሌ በመንገዱ ላይ ትገኛለች። ዳግማዊ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር የተዋዋሉት በዚህች በአምባሰል ምድር ነበር። እኒያ ንጉሠ ነገሥት ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም.፣ ሰውነታቸው ተያዘ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ቀደም ባሉት ዓመታት ሕመሙ ቀለል ባለ ሁኔታ ታይቶባቸው ነበር። መርዝ ተሰጥቷቸው ነው የሚል ወሬም በሰፊው ተነዛ። እስካረፉበት እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ አራት ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ቆዩ። ሕመማቸው ዛሬ የአንጎል ምት ወይም ስትሮክ የምንለው ነው።

በዚያን ዘመን ሐኪሞች በዙሪያቸው ቢኖሩም ሕመሙን የሚመልስ መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረም። ዛሬ አለ፤ ነገር ግን በሰዓት የተወሰነ ነው። ይህን ትምህርት ለማቅረብ የተነሣነውም ስለዚሁ ነው።

የአንጎል ምት የሚደርሰው ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር በረጋ ደም ሲደፈን፣ ወይም ሥሩ ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል በየደቂቃው ይሞታል። ምልክቱን ለመለየት የሕክምና ትምህርት አያሻም። ሕመምተኛው ፈገግ እንዲል ይጠየቅ፤ የፊቱ አንድ ወገን ይወርዳልን? ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ያንሣ፤ አንደኛው ዝቅ ይላልን? አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር ይድገም፤ ቃሉ ይተሳሰራልን? ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ቢታይ የአንጎል ምት ነው ብሎ መነሣት ይገባል። የአንድ ዓይን ብርሃን በድንገት መጥፋት፣ ወይም ከዚህ በፊት ያልታወቀ ብርቱ ራስ ምታትም ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጠፋስ? ያን ጊዜም ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ነው፤ ታላቁ ምት ብዙ ጊዜ ከትንሹ በኋላ ይከተላልና።

በአገራችን እንዲህ ያለ ሰው ሲወድቅ «መጋኛ መታው» ይባላል። ወጌሻ ተጠርቶ የያዘውን እጅ ያሻል፤ ሌላው ዋግምት ያስባል፤ እናቶችም በርኅራኄ ውኃ ወይም ቡና በአፉ ያደርጉለታል። ይህ የመጨረሻው እጅግ አደገኛ ነው። የመዋጥ ኃይሉ ተይዞ ስለሚሆን የጠጣው ወደ ሳንባው ይገባል። ስለዚህ ምንም በአፉ ሳይሰጥ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ካስመለሰው በጎኑ ተጋድሞ ይወሰድ። አስፕሪንም አይሰጠው፤ ሥሩ ተደፍኖ ይሁን ፈንድቶ በሲቲ ስካን ሳይታይ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የልብ ሕመሙ ደግሞ በሌላ ስም ይሸፈናል። ደረቱ መካከል እንደ ድንጋይ የከበደበት፣ ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱ፣ ወደ መንጋጋው ወይም ወደ ጀርባው የሚሄድበት፣ ብርድ ላብ ያሰመጠውና ትንፋሽ ያጠረው ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ይተኛል። ጨጓራ በአገራችን ያልተሸከመው በሽታ የለም ማለት ይቻላል! በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ላይ የደረት ሕመሙ ጨርሶ ላይሰማ፣ ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሊታይ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው እንዲራመድ አይፈቀድለት፤ ደገፍ ብሎ ይቀመጥ። በዚህኛው ሕመም አስፕሪን ይጠቅማል፤ የማይስማማውና የሚደማ ሕመም የሌለበት ሰው 300 ሚሊ ግራም አኝኮ ይዋጥ። ራሱን ስቶ ትንፋሹ ከቆመ ግን በደረቱ አጥንት መካከል በሁለት መዳፍ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እያጎደጎዱ መጫን ያስፈልጋል።

የረጋውን ደም የሚያሟሟው የአንጎል ምት መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ ይህን መደበቅ አንሻም። ሆኖም መድኃኒቱ ባይገኝ እንኳ ፈጥኖ የደረሰ ሕመምተኛ ግፊቱና ትንፋሹ ስለሚጠበቅለት የመዳን ተስፋው ከፍ ያለ ነው። ከሐይቅ እስከ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም አስፋልት ነው። ጊዜው የሚባክነው ከአምባሰል ገደል እስከ አስፋልቱ፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ዳርቻም እስከ ከተማው ባለው መንገድ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ግን በቤት ውስጥ በሚደረገው ምክክር ነው። በየመንደሩ ያለው ቅሬ ለቀብር የሚያዘጋጀውን ቃሬዛና የሰው ጉልበት ለሕያውም ሊያውለው ይገባል። የማን መኪና ወይም ባጃጅ በሌሊት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይታወቅ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑም ይነገር።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ ወደ ሕሙማን ቤት ብዙ ጊዜ ቀድማችሁ የምትደርሱት እናንተ ናችሁ። ቤተ ሰቡ ምሥጢረ ቀንዲል እስኪፈጸም መኪናው ይቆይ ቢል፣ ካህኑ ሆስፒታል ድረስ እንደሚሄድ አስረዱ፤ ጸሎቱም በመንገድ ላይ ይቻላል። ከዚያም ሕመምተኛው ደኅና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ሰዓት ጠይቁ። ምሽት 3 ሰዓት ላይ በጤና ተኝቶ ሌሊት 11 ሰዓት አንደበቱ ተይዞ የተገኘ ሰው፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከምሽቱ 3 ጀምሮ ነው። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ፣ በአገራችን አቆጣጠር መሆኑንም አመልክታችሁ፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ጨምራችሁ አብሮት ለሚሄደው ሰው ስጡ።